እናቴ ቋሚ ልትሆን ነው

ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ሲል እናቴ ማታ ማታ መናገር ተወች።

ተቆጥታ አይደለም። ከሥራ ስትመለስ ሁለት ጉንጬን ስማ፣ ነጠላዋን ምስማር ላይ ሰቅላ፣ እግሯን ታጥባ መደቡ ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያችን ሁሉ በእጅ ነው። ጣቶቿን ሰብስባ ወደ አፏ ካመጣች «ብዪ» ማለቷ ነው። መዳፏን ጉንጯ ሥር ካደረገች የመኝታ ሰዓት ደርሷል። አመልካች ጣቷን ካወዛወዘች ጥፋቴን እኔው አውቀዋለሁ። «እማዬ፣ ለምን ዝም ትያለሽ?» ስላት ጉሮሮዋን ነካ አድርጋ ፈገግ ትላለች፤ የሞቀ ተልባዋን ፉት ትልና ጸጉሬን መፍታት ትጀምራለች።

የተከራየንበት ግቢ ባለቤት እማማ ሳሌሃ ነበሩ፤ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ የሚነግዱ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት። እናቴ ጠዋት ሥራ ስትሄድ የምትተወኝ እሳቸው ዘንድ ነው። አንድ ቀን ነገሩ ቢከብደኝ ጠየቅኋቸው።

«እናትሽማ ድምጿን ለነገ እያስቀመጠች ነው» አሉኝ በርበሬያቸውን እየቀነጠሱ።

የት እንደምታስቀምጠው ግን አልነገሩኝም። እናቴ ሳትኖር ሣጥኑን ከፈትኩ፤ የአልጋውን ሥር አየሁ፤ የሟች አባቴን ኮት ኪስ ሳይቀር ፈተሽኩ። ድምፅ ምን እንደሚመስል ባላውቅም ካየሁት እንደማልስተው እርግጠኛ ነበርኩ።

ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ የነበሩበት፣ የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው። አባቴ አስረስ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ እኔ ዳዴ ሳልል ተስቦ ወሰደው። ዘመዶቹ እናቴን «ተመለሺ፣ እዚያ ማን አለሽ?» ቢሏት እምቢ ብላ ቀረች። ፊደል የቆጠረች ነበረችና፣ ድምጿም እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበርና፣ ስልክ ቤት ገባች። የገባችው ግን ለግማሽ ቀን ብቻ ነው። ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት በኋላ ባዩ የሚባል አንጋፋ ስልከኛ። የግማሽ ቀን ደመወዝ ደግሞ የሚያኖረው ግማሽ ሰው ነው። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጫማዋን በእጇ ይዛ በጓሮ በኩል ወደ ጋሽ ሸምሶ ወፍጮ ቤት ትሮጣለች፤ እስከ ማታ እዚያ ናት።

እነዚህን ሁለት ሥራዎች ዛሬ ነው «ሥራ» ብዬ የምጠራቸው። ያኔ ለእኔ ሁለት ዓለማት ነበሩ። ወፍጮ ቤቱ ሰው የሚለወጥበት ቦታ ነበር፤ እናቴ ስንዴ በተፈጨበት ቀን ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆና፣ በርበሬ በተፈጨበት ቀን ደግሞ ዓይኗም አንገቷም ቀልቶ ትመለሳለች። ሥራዋ እህሉን በተራ ማስገባትና የደረሰለትን ሰው መጥራት ነው። ሞተሩ መሬቱን እያንቀጠቀጠ ሲጮህ አጠገብ ያለ ሰው እንኳ አይሰማም። እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ «የአሚ—ኔ! ገ—ብስ!» ስትል ከውጭ ግንቡ ሥር የተቀመጠችው አሚኔ ብድግ ትላለች። አትጮህም ነበር። ድምጿን አቅጥናና አርዝማ፣ ልክ ከአጥር በላይ ዕቃ እንደሚያቀብሉ ከሞተሩ በላይ ታሻግረዋለች። እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አፌን ከፍቼ አያታለሁ። ያ ሁሉ ብናኝ በዚያ በተከፈተ አፏ ገብቶ የት እንደሚያርፍ የሚያስብ ልጅ አልነበርኩም።

ስልክ ቤት የገባሁት እማማ ሳሌሃ እንሴኖ ገበያ በሄዱበት ቀን ነው። እናቴ «ከዚህች በርጩማ እንዳትነሺ» ብላ ጥግ አስቀመጠችኝ። ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ሥር ባለጉዳዮች ባርኔጣቸውን አውልቀው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እናቴ ቀዳዳ በበዛበት አንድ ትልቅ ሣጥን ፊት ተቀመጠች፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ መዘወሪያውን አዞረች፤ ገመድ ነቅላ ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ሰካች። ከዚያ፣ ቤታችን ውስጥ ለእኔ የተከለከለው ድምፅ ሙሉ ሆኖ ወጣ።

«ሃሎ አዲስ አበባ! ቡታጅራ ነኝ።»

ስሟን አልጠራችም፤ አዛለች ነኝ አላለችም። ቡታጅራ ነኝ አለች፤ አዲስ አበባም አመነቻት! ገበያው፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አውራጃ ግዛቱ፣ የእማማ ሳሌሃ ዶሮዎች ሁሉ እናቴ ሆኑ።

የስልክ ቤቱ ኃላፊ አቶ ገብረእግዚአብሔር የሚባሉ፣ ከሰሜን የመጡ፣ ረጅምና ሲስቁ የማይታዩ ሰው ነበሩ። እናቴ ሥራዋን ጨርሳ ስትነሳ ነጭ መሐረብ ከኪሳቸው አወጡና እሷ የተናገረችበትን መናገሪያ ውስጡን ሳይቀር ጠረጉት፤ እፍ አሉበት፤ ደግመው ጠረጉት።  እናቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። የእናቴን ትንፋሽ የተጸየፉት መሰለኝና ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠላኋቸው። ልንወጣ ስንል ጠሯት።

«ወይዘሮ አዛለች፣ ባዩ ከፋሲካ በኋላ ወደ ሆሳዕና ከተማ ይዛወራል። አዲስ አበባዎች በስልክ ይፈትኑዎታል። ድምፅዎ ፈተናውን ካለፈ የሙሉ ቀን ቋሚ እናደርግዎታለን።»

እናቴ እጅ ነሳች። «እርስዎ ቋሚ ያድርጉኝ እንጂ፣ እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ!»

ቋሚ። ቃሉን አውቀዋለሁ። ያን ሰሞን ከድሮ የሚባለው የእማማ ሳሌሃ ልጅ፣ ዘይባ የምትባል ልጅ ሊያገባ፣ ግቢው ጀርባ ቤት እየሠራ ነበር። ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ወፍራም ወፍራም እንጨት ያመጣል፤ ምስጥ እንዳይበላው የእንጨቱን እግር በእሳት ይለበልባል፤ ከዚያ አቁሞ ዙሪያውን በድንጋይ ይጠቀጥቃል።

«ጋሼ ከድሮ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቋሚ ነዋ።»

«ቋሚ የሆነ ተመልሶ ቤቱ ይሄዳል?»

ከድሮ ሳቀ። «ቋሚ አንዴ ከተተከለ ወዴት ይሄዳል? ዕድሜ ልኩን ቤቱን ተሸክሞ ይቆማል እንጂ!»

ያን ዕለት ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። እናቴ ለምን ዝም ዝም እንደምትል፣ ለምን ከሥራ ስትመለስ እግሯን ዘርግታ እንደ እንጨት ድርቅ ብላ እንደምትቀመጥ፣ አቶ ገብረእግዚአብሔር ለምን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው እንደሚለኳት። ስልክ ቤት የገቡ ሴቶች ቃላቸውን ጥቂት በጥቂት ለሽቦው ሰጥተው ሲጨርሱ ቋሚ ይደረጋሉ። መንገዱን ይዘው እስከ አዲስ አበባ የተሰለፉት የስልክ እንጨቶች እነሱ ናቸው።

ከግቢያችን በታች አንድ ነበረች። ማንም ሳያየኝ ሄጄ ጆሮዬን ለጠፍኩባት። እውነትም ከውስጧ ወፍራም፣ የማያቋርጥ እንጉርጉሮ ይሰማል። ነፋስ ሽቦውን ሲመታው እንደዚያ እንደሚል ያወቅሁት ስንት ዓመት ቆይቼ ነው። ያኔ ግን የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋረጃው ሲከፈት የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ነበር። እንጨቷን በሁለት እጄ አቅፌ፣ ቀስ ብዬ ጠየቅኋት።

«የማን እናት ነሽ?»

የበልጉ ዝናብ ያን ዓመት ከብዶ መጣ። ፋሲካ አልፎ የፈተናው ቀን ሲቃረብ እናቴ ቀንም ለእኔ መናገር ተወች። እማማ ሳሌሃ ለጉሮሮዋ ማር ይሰጧታል። «እስከ ፈተናው ድረስ ወፍጮውን ተዪው» ሲሏትም ሰምቻለሁ። «ብተወውስ፣ ካላለፍኩ በምን እኖራለሁ?» አለቻቸው በሹክሹክታ። «ያኔ ልጅቷን ጎጃም መስደዴ ነው።» እኔ ጎጃምን የሰው ስም አድርጌ ነበር የወሰድኩት፤ ዕቃ ምናምን የሚላክለት ሰው።

ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወፍጮ ቤት ሆኜ ጆንያዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ሞተሩ ይጮሃል፤ እናቴ ነጭ ሆናለች። በሩ ላይ አንድ ሰው ቆመ። አቶ ገብረእግዚአብሔር ናቸው፤ ያለ ጃንጥላ፣ ሱፍ ኮታቸው ከላያቸው ላይ ተጣብቆ፣ ጭቃው ጉልበታቸው ድረስ ደርሶ። እናቴ እንዳየቻቸው በእጇ የያዘችው ቁና ወደቀ። በስልክ ቤት ደንብ ሌላ ቦታ መቀጠር እንደማይፈቀድ ታምን ነበር፤ ሥራዋ እዚያው ያለቀላት መስሏታል። እኔ ደግሞ ሊተክሏት የመጡ መስሎኛል። አጠገቧ ደርሰው በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገሯት። እናቴ ለእኔ በእጇ «እዚያው ቁጭ በይ» አለችኝና ዱቄቷን እንኳ ሳታራግፍ ተከትላቸው ወጣች።

አልተቀመጥኩም። እያለቀስኩ በዝናቡ ውስጥ ተከተልኳቸው።

ከእንሴኖ የሚመጣ አውቶቡስ ከድልድይ ላይ ተንሸራቶ ወንዝ ገብቶ ነበር። ቁስለኞቹን ገበያተኛው በቃሬዛም በጀርባም ተሸክሞ አምጥቶ፣ ሐኪም የሚጠራው በስልክ ነውና፣ ስልክ ቤቱ በረንዳ ላይ አስተኝቷቸዋል። ሰይዶ የሚባለው የጤና ጣቢያው ቁስል ጠጋኝ፣ ድሬሰሩ፣ ብቻውን ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጣል። ከተኙት መካከል አንዱን አወቅሁት፤ ከድሮ ነው። ለሠርጉ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። እግሩ መሆን በማይገባው በኩል ዞሯል። እማማ ሳሌሃ ራሱን ጉያቸው ውስጥ አድርገው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ።

ውስጥ ባዩ ድምፁ እስኪዘጋ «ሃሎ! ሃሎ!» ይላል። መስመሩ በዝናቡ ምክንያት እንደሚታመስ ቆሎ ይንጣጣል። ባዩ ማዳመጫውን አውልቆ በተስፋ መቁረጥ እናቴን አያት። «አዛለች፣ ‹ቡታጅራ አልሰማም› ብቻ ነው የሚሉኝ።»

እናቴ ተቀመጠች። ዱቄቱ በዝናብ ርሶ ከጸጉሯ እየወረደ ፊቷ ላይ ሊጥ ሆኗል። ማዳመጫውን አደረገች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ አንገቷን ቀና አደረገች። በሞተር ላይ የምታሻግረውን ያንን ቀጭን ረጅም ድምፅ አወጣችው።

«አ—ዲስ አበ—ባ! ቡ—ታ—ጅ—ራ ነኝ! አው—ቶ—ቡስ! ወ—ንዝ ገባ! ሐ—ኪም!»

  እናቴ አዳመጠች። እንደገና፣ ቃል በቃል፣ አንዱን ሦስት ጊዜ እየደጋገመች አሻገረች። ከዚያ ፊቷ ተፈታ።

«ሰምተውኛል» አለች። «ሐኪም በመኪና እየላኩ ነው። እስኪደርስ ድረስ ሌላ ሐኪም መስመሩ ላይ ነው። ሰይዶ፣ የሚያዩትን ይንገሩኝ!»

ሰይዶ ከበረንዳው ይጮሃል፤ እናቴ ወደ አዲስ አበባ ታሻግራለች፤ ከዚያ ከሚንጣጣው ውስጥ የሐኪሙን ቃል ለቅማ ወደ ሰይዶ ትመልሳለች። «ከቁስሉ በላይ እሰሩ! አታላሉት ብሏል!» «ውኃ እንዳትሰጧት፣ ሆዷን ነው የተመታችው!» «የልጁን እግር አታቃኑት፤ በሁለት እንጨት መሐል ደግፋችሁ እሰሩት!» ይሄኛው ስለ ከድሮ ነበር። እኔ ጥግ ቆሜ አያለሁ። የማላየው ሐኪም በእናቴ አፍ ይናገር ነበር። የሰይዶ እጅ ደም ውስጥ ሆኖ የሚታዘዘው ለእሷ ቃል ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሐኪም፣ ብዙ ሹም፣ ብዙ ሰባኪ አይቻለሁ፤ ሰው እንደዚያ ሲደመጥ ግን አላየሁም።

ሲመሽ ዝናቡ አባራ። መኪናው ጎህ ሲቀድ ደረሰ። አንዲት አሮጊትና አንድ ነጋዴ ሞቱ፤ ሌሎቹ ተረፉ። ከድሮ አዲስ አበባ ተወስዶ ከወራት በኋላ በክራንች ተመለሰ፤ እግሩ ግን አልተቆረጠም።

እናቴ በማግስቱ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ሹክሹክታ እንኳ።

ከተማው ሁሉ ቤታችን መጣ። እማማ ሳሌሃ «ልጄን ያተረፈችው እሷ ናት» ብለው ከአልጋዋ አጠገብ አልተነሱም፤ ማር፣ ተልባ፣ ዱዓ፣ ሁሉንም አደረጉላት። ጋሽ ሸምሶ ከበር ሆኖ ተጣራ። «አሰላሙ አለይኩም! አዛለች፣ ወላሂ ወፍጮ ቤቴ እንዳትደርሺ! አፍሽን ዘግተሽ ተኚ። ቦታሽን ማንም አይወስደውም።» አንድ ጆንያ ዱቄት ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እኔ ግን ይህ ሁሉ ለቅሶ መስሎኝ ነበር። የመጨረሻ ቃሏን ለሽቦው ሰጥታለች፤ ከእንግዲህ የሚቀረው መተከሉ ነው።

የፈተናው ቀን ሲደርስ አቶ ገብረእግዚአብሔር ወደ አዲስ አበባ ደውለው «በዝናቡ ምክንያት መስመሩ ለፈተና አይሆንም» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንትም «አይሆንም» አሉ። በእነዚያ ሳምንታት ግን ነጋዴዎች ያለ ችግር ይነጋገሩበት ነበር። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ። መሐረቡንም ያኔ ነው የነገረችኝ። መናገሪያው ቀዳዳ ውስጥ በየቀኑ ዱቄት ይቀር ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ቢመጣ እንዳያይባት ይጠርጉላት ነበር። ከሰዓት በኋላ የት እንደምትውል ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሱባትም።

በሦስተኛው ሳምንት የእናቴ ድምፅ ተመለሰ። ያ የምንጭ ውኃው ግን አልነበረም። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ከታች የሚመጣ ድምፅ ነበር። በአዲሱ የፈተና ቀን ጠዋት ነጩን ቀሚሷን ለብሳ ስትወጣ ቀሚሷ ላይ ተጠመጠምኩ።

«አትሂጂ! ይተክሉሻል!»

«ማነው የሚተክለኝ?»

«አቶ ገብረእግዚአብሔር! እግርሽን በእሳት ለብልበው ቋሚ ያደርጉሻል! መንገድ ላይ ትቆሚያለሽ!»

እናቴ ቀስ ብላ ቁጢጥ አለች። መጀመሪያ ሳቀች፤ በዚያ አዲስ ሻካራ ድምጿ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በኋላ ሳቁ የት እንደቆመና ልቅሶው የት እንደጀመረ አላወቅሁም።

«እሌኒዬ» አለችኝ። «ቋሚ ማለት፣ የትም አልሄድም ማለት ነው። አንቺም የትም አትሄጂም ማለት ነው።»

ይዛኝ ሄደች። በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ፈታኙ ከወዲያ በኩል ቁጥር አስነበባት፤ የከተሞች ስም አስጠራት፤ ወልቂጤ፣ ጥያ፣ ጉንችሬ፣ ሆሳዕና።  አቶ ገብረእግዚአብሔር መስኮቱ ጋ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፤ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ጣቶቻቸውን ያፍተለትላሉ።

«አዎ ጌታዬ» አለች እናቴ፤ «የዚያን ቀን የነበርኩት እኔ ነኝ።» አዳመጠች። «አዎ ጌታዬ፣ ተለውጧል።» እንደገና አዳመጠች። እጇ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ቀረ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች፣ ገመዱንም ነቀለች።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ገብረእግዚአብሔር ሳይዞሩ።

«‹ድምፅሽ አያምርም፤ ቃልሽ ግን ይሰማል፤ ይበቃናል› አሉኝ።»

በማግስቱ ሙሉ ቀን ልትጀምር ነውና፣ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሸምሶን ልትሰናበት ወፍጮ ቤት ይዛኝ ሄደች። ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ተደርድረዋል፤ ሞተሩ ይጮሃል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ አዲሱ ድምጿ ከሞተሩ በላይ መውጣት አልቻለም። ጋሽ ሸምሶ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሄዶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያተኛ ፊት፣ ሞተሩን አጠፋው።

እንደዚያ ያለ ጸጥታ በቡታጅራ ሰምቼ አላውቅም። ቆርቆሮው ላይ የምትራመድ እርግብ እግሯ ይሰማ ነበር። ጎረቤት ያሉ ሰዎች ምን ተፈጠረ ብለው ወደ ደጅ ወጡ።

«አሁን ተናገሪ» አላት ጋሽ ሸምሶ። «ይኸው ስንት ጊዜ አብረን ስንሠራ ጩኸትሽን እንጂ ወሬሽን ሰምቼ አላውቅም።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ልትናገር ስትጀምር አሚኔ ጆንያዋን ታቅፋ ከበሩ ላይ ተጣራች።

«ሸምሶ! ሞተሩ ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም» አላት፣ ዓይኑን ከእናቴ ሳያነሳ። «እያዳመጠ ነው።»